የከዋክብትን ብርሃን የመረመሩ ካህን፦ አባ አንጄሎ ሴኪ (1818–1878)

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፣ ከከተማው ባሻገር የእንጦጦ ተራራ ይታየዋል። በተራራው ላይ በ2015 ሥራ በጀመረው የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችና ስፔክትሮግራፍ የተባለ ብርሃንን በየቀለሙ የሚተነትን መሣሪያ ይገኛሉ። ይህን መሰሉን መሣሪያ ከቴሌስኮፕ ጋር አጣምረው ከዋክብትን በመመርመር ፈር ከቀደዱት ሊቃውንት አንዱ ካቶሊካዊ ካህን ነበሩ። ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይጠቅማል ብለን ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ አንጄሎ ሴኪ በ1818 በሰሜን ኢጣልያ በሬጆ ኤሚልያ ከተማ ተወለዱ። በ15 ዓመታቸው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ፤ በ1847 ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። በ1848 በሮማ በተነሣው ሁከት ማኅበርተኞቻቸው ሲሰደዱ፣ እርሳቸውም ወደ እንግሊዝ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት የሮማ ኮሌጅ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበሩት አባ ዴ ቪኮ በስደት አረፉ፤ አባ ሴኪም ወደ ሮማ ተመልሰው ሥራውን ተረከቡ።

ከኮሌጁ ጋር የተያያዘው የቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታቅዶለት ሳይሠራ ቀርቶ ነበር። ጉልላቱን እንዲሸከሙ የታነጹት ግዙፍ ዓምዶች ግን ቆመው ነበር። አባ ሴኪ አዲሱን መመልከቻ በእነዚህ ላይ አሠሩ፤ ጥቂት ንዝረት ለሚያውከው ቴሌስኮፕ ጽኑ መሠረት ሆኑለት። በ1854 በጀርመን አገር የተሠራ፣ 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የተገጠመለት ቴሌስኮፕ በዚያ ተተከለ።

ከ1863 ገደማ ጀምሮ በቴሌስኮፑ ጫፍ፣ ዓይን በሚቀርብበት ቦታ፣ የዛሬውን ስፔክትሮግራፍ የቀደመውን ስፔክትሮስኮፕ ይገጥሙ ጀመር። ሥራው ትዕግሥትን የሚፈትን ነበር። መሣሪያው ከቴሌስኮፑ ጋር በትክክል ካልተስተካከለ የኮከቡ ብርሃን ይጠፋል። ምድር ስለምትዞርም ቴሌስኮፑ ኮከቡን ያለ ማቋረጥ መከተል አለበት። ኮከብ እንደ ነጥብ ስለሚታይ፣ በፕሪዝም ሲበተን የሚወጣው ቀለም እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ስለዚህ አባ ሴኪ በልዩ ሌንስ ያሰፉት ነበር። ያን ጊዜ በቀለሞቹ መካከል ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ እነዚህም በኮከቡ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ያመለክታሉ። በኋላም ትልቅ ፕሪዝም ከዋናው ሌንስ ፊት ገጠሙ። ፕሪዝሙ ብርሃኑን ስለሚያጣምመው ቴሌስኮፑን ከኮከቡ ጥቂት ወደ ጎን ማዞር ግድ ነበር፤ ነገር ግን ብርሃን ብዙ ሳይባክን ደብዛዛ ከዋክብትን ለማየት አስቻላቸው።

በዚህ ዓይነት ወደ 4,000 የሚጠጉ ከዋክብትን መርምረው በወገን በወገን ለዩ፦ እንደ ሲርየስ ነጫጭ የሆኑና የሃይድሮጂን መስመር የጎላባቸው፣ እንደ ፀሐያችን ቢጫ ሆነው የብዙ ብረታ ብረት መስመር ያለባቸው፣ ቀያዮች፣ እንዲሁም ካርቦን የሚታይባቸው ደማቅ ቀዮች። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት አከፋፈሉን አሻሻሉት፤ መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ግን እርሳቸው ናቸው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1870 የኢጣልያ መንግሥት ሮማን በያዘ ጊዜ ነው። አዲሱ መንግሥት መመልከቻውን ሊወስድ አሰበ፤ ለአባ ሴኪም ሹመት አቀረበላቸው። እርሳቸው ግን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ያላቸውን ታማኝነት ትተው ለመንግሥቱ ቃል ለመግባት እምቢ አሉ። የዕድሜ ልክ ድካማቸው ያለበትን መሣሪያ ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ ነበር ይህን የመረጡት። ዝናቸው በዓለም የታወቀ ስለነበር መንግሥቱ ሊያስወጣቸው አልደፈረም፤ የካቲት ወር 1878 እስካረፉበት ቀን ድረስም በኃላፊነታቸው ቆዩ።

በየቁምስናችን ሳይንስ የተማረ ወጣት እምነቱን መተው ይኖርበት እንደሆነ ሲጠይቀን፣ የእኒህን ካህን ሕይወት ልንነግረው እንችላለን። አባ ሴኪ ኮከብ የመረመሩት ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በላይ ቆመው ነው። ከሁለቱ አንዱን እንዲተዉ በተጠየቁ ጊዜም፣ ሳይንሱን ለማትረፍ ሲሉ ቃል ኪዳናቸውን አላፈረሱም።