ኮምጣጣውን የለካው ሰው

 

ዛሬ ወደ ኬሚስትሪ ክፍል ልመልሳችሁ ነው። ሊትመስ ወረቀቷን ታስታውሷታላችሁ? ሰማያዊዋ አሲድ ሲነካት ትቀላለች፤ ቀይዋ ቤዝ ሲነካት ሰማያዊ ትሆናለች። ቀጥሎ መምህራችሁ ሰሌዳው ላይ ከ0 እስከ 14 ቁጥር ደርድሮ ከ7 በታች አሲድ፣ 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ብሎ አስጻፋችሁ። ብዙዎቻችን ፒኤችን ለፈተና ሸምድደን አለፍን። ግን ይህን ቁጥር ያወጣው አንድ ሰው ነው። ለምን እንዳስፈለገው ስታውቁ ትምህርቱ ይቀልላችኋል፤ ስለ ራሳችሁም አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ሰውየው ሶረን ፔተር ላውሪትስ ሶረንሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1868 በዴንማርክ ሀቭሬቢየርግ በሚባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐሳቡ ሐኪም መሆን ነበር። የርገንሰን የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ልቡን ሳበውና መንገዱን ቀየረ። በ1899 ዶክትሬቱን አገኘ። በ1901 ደግሞ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ እስከ 1938ም እዚያው ሠራ።

አዎ፣ ካርልስበርግ የቢራ ጠማቂው ድርጅት ነው። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። መጠጡ ለእኛ ሐራም ነው፤ በዚህ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። በ1875 የተቋቋመው ላቦራቶሪ ግን አንድ ደንብ ነበረው፦ እዚያ የተገኘ ጠቃሚ ውጤት በምስጢር አይያዝም፣ ለዓለም ይታተማል። ስለዚህ እዚያ የተገኘው ልኬት ዛሬ በሐኪሙ፣ በገበሬውና በተማሪው እጅ አለ። ደግሞም ለቤዝ ወገን የምንጠቀምበት አልካሊ የሚለው ቃል አል-ቂልይ ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ በጨዋማ መሬት ከሚበቅሉ ዕፅዋት አመድ የሚወጣና ለሳሙና የሚያገለግል ነገር ነው። ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው፣ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የኖረ ነው።

አሁን ሶረንሰንን ወደ ያዘው ችግር እንምጣ። ሥራው በኢንዛይሞች ላይ ነበር። ኢንዛይም በሕያው ነገር ውስጥ ምግብን የሚሰብር፣ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሥራው አሲዱ ሲበዛም ሲያንስም ይበላሻል። በዚያ ዘመን ብዙዎች ምን ያህል አሲድ እንደጨመሩ መዝግበው አሲዱን የለኩ ይመስላቸው ነበር። ሶረንሰን ይህ እንደማይበቃ አየ።

ለምን? በምሳሌ እንየው። ሁለት ብርጭቆ አስቡ። በአንዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሌላው የኮምጣጤ አሲድ አለ እንበል፤ በሊትር እኩል 0.1 ሞል። ሁለቱንም ገለልተኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው ቤዝ እኩል ነው። በዚህ ብቻ ከመዘናቸው ልዩነት የላቸውም። የመጀመሪያው ግን ያለውን ሃይድሮጅን ሁሉ አዮን አድርጎ ይለቃል፤ ፒኤቹ 1 ነው። ኮምጣጤው ከመቶ አንድ አካባቢ ብቻ ለቅቆ ሌላውን አፍኖ ይይዛል፤ ፒኤቹ ወደ 3 ይጠጋል። ኢንዛይሙ የሚሰማው በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አሲድ በሙሉ አይደለም፤ ተለቅቆ በሥራ ላይ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ነው። በዚያ ላይ በኢንዛይም ሙከራ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ራሳቸው ከተጨመረው አሲድ የተወሰነውን ይይዙታል። ስለዚህ የጨመርከውን ማወቅና የሚሠራውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላም ችግር ነበረ። የአዮኑ መጠን እጅግ ትንሽ ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ በሊትር 0.0000001 ሞል ነው። ይህን ሁልጊዜ መጻፍ ይሰለቻል፣ ያሳስታልም። ሶረንሰን በ1909 ባሳተመው ጥናት ቁጥሩን በአሥር ርቢ ጽፎ፣ የመቀነስ ምልክቱን ትቶ ርቢውን ብቻ ወሰደ። ለንጹሕ ውሃ 7 ሆነ። ፒኤች የምንለው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ደረጃ መውረድ አሥር እጥፍ ነው። ፒኤቹ 3 የሆነ ነገር 6 ከሆነው በሁለት እጥፍ አይበልጥም፤ በአንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅባት ቦታ ይህች ናት።

ሶረንሰን ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ አልተወም፤ መለኪያውንም አዘጋጀ። አንደኛው በሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ በኤሌክትሪክ የሚለካ ነው፤ ትክክለኛ ቢሆንም አድካሚ ነበር። ሁለተኛው በቀለም ነው፤ ፒኤቹ አስቀድሞ ከታወቀ ፈሳሽ ጋር ቀለሙን ማመሳከር። ዛሬ በቤተ ሙከራ ከቀለም ሰንጠረዥ ጋር የምታስተያዩት ወረቀት የሁለተኛው መንገድ ልጅ ነው። በምርምሩ ባለቤቱ ማርግሬቴ ሆይሩፕም አግዛዋለች።

ልኬቱ ዓለምን ዞረ። የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሲወጣ ሐኪም ይጨነቃል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናባማ ደጋዎች ዝናቡ ከአፈሩ ካልሲየምና ማግኒዥየም አጥቦ እየወሰደ መሬቱን አሲዳማ ያደርገዋል። አፈሩ በጣም አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው፤ ስንት ኖራ እንደሚበቃ ለማወቅም መነሻው የአፈሩ ፒኤች ነው። እርሻው ከላይ ሲታይ ግን ከጎረቤቱ አይለይም።

አሁን ከዚህ ሰው ሕይወት እኔን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ከ1909 በኋላ ስሙ ገነነ፤ ሁሉም በእሱ መለኪያ መጠቀም ጀመረ። እሱ ግን ስሌቱ አንድ ነገር እንደጎደለው ተረዳ። በፈሳሽ ውስጥ አዮኖች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም ሁሉም በነጻነት አይሠሩም። ኤሌክትሮዱ የሚሰማው ቁጥራቸውን ሳይሆን ብርታታቸውን ነው። በ1924፣ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ሊንደርስትሮም-ላንግ ከተባለ ወጣት ባልደረባው ጋር የራሱን ፍቺ አስተካክሎ እንደገና አሳተመ። ዕድሜው 56 ነበር። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። በ1939 የካቲት ወር በ71 ዓመቱ ሞተ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን ሰው ዛሬ ያነሳሁላችሁ ለዚህ ነው። እኛም ራሳችንን የምንለካው ብዙ ጊዜ በጨመርነው ነው፦ ስንት ኪታብ ቀራን፣ ስንት ደርስ ሰማን፣ ስንት ሰርተፍኬት ያዝን። ይህ ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ አለ። ጥያቄው ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተለቅቆ በሥራ ላይ እንዳለ ነው፤ በቤታችን፣ በምላሳችን፣ በንግዳችን። ዛሬ ከዐስር በኋላ ለሙሓሰባ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ከምታውቁት አንዱን ብቻ ምረጡና ይሠራል ወይስ ታፍኖ ተቀምጧል ብላችሁ ለኩት። ስሕተት ካገኛችሁበት፣ ሰው ሁሉ ልክ ነው ቢላችሁ እንኳ፣ ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

ለፈተና የሚዘጋጅ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ አካፍሏቸው፤ የአሥር እጥፏን ነገር ደግሞ አደራ!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።