ፊደልን በልክ ያዋሉት ባለቅኔ፦ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

የማኅበራችን አባላት ከልኬትና ከስሌት ጋር የሚውሉ ስለሆኑ፣ የአንድ ባለቅኔ የሕይወት ታሪክ በዚህ መጽሔት መውጣቱ ከመሥመር የራቀ ሊመስላቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጠባብ ወሰን ውስጥ ተፈላጊውን ቃል ፈልጎ በማግኘት የተካኑ ሰው ነበሩ። በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ዕቃ መሥራት ደግሞ የእኛም የዕለት ተግባር ነው።

ዮፍታሔ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በደብረ ኤልያስ ነው። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች የታወቀ አገር እንደ መሆኑ፣ ደብረ ኤልያስም ከዚሁ ማዕድ የምትመደብ የሊቃውንት ደብር ነበረች። ዮፍታሔ እንደ ዘመኑ ልጆች ከፊደል ተነሥተው እስከ ቅኔ ዘለቁ።

የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የሚያጠናው ግስ ነው። ግሦቹ እንደ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከና ቆመ ባሉ ስምንት አርእስት ሥር ተደልድለው በቃል ይያዛሉ፤ ይህ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ በአእምሮ የተዘረጋ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት፣ ሚበዝኁ ሦስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ቤቶቹ በአንድ ፊደል እንዲያርፉ ስለሚፈለግ፣ ተማሪው በዜማው የሚስማማ፣ በምሥጢሩ የሚመጥንና በተፈለገው ፊደል የሚጨርስ ቃል ማግኘት አለበት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ደግሞ ነውር ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዲሸከም ይፈለጋል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። ለምሳሌ ዋና የሚለው ቃል ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገውን ዋና፣ ሲጠብቅ አለቃውን ወይም ከሁሉ የሚበልጠውን ያመለክታል። ለእኛ በንድፍ ላይ ሁለት ትርጉም ያለው መሥመር ሕንፃ የሚያፈርስ ጉድለት ነው። ለባለቅኔው ግን ይኸው ጉድለት ሰምና ወርቁን የሚያጣምርበት ማጠፊያ ይሆንለታል።

ዮፍታሔ ይህን ሀብት ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ተማሪዎችን መዝሙርና ተውኔት አለማመዱ፤ ከተውኔቶቻቸው አንዱን ጥቅም ያለበት ጨዋታ ብለው ሰየሙት። ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሱት ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የሰጡም እርሳቸው ናቸው። መዝሙሩ ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ ሲዘመር ኖሯል።

በዚሁ ዘመን በአሜሪካ አልፍሬድ በትስ የተባለ አርክቴክት በኢኮኖሚው ድቀት ምክንያት ከሥራ ወጥቶ የቃላት ጨዋታ ያዘጋጅ ነበር። የትኛው ፊደል ምን ያህል እንደሚዘወተር ለማወቅ በጋዜጣ ገጾች ላይ የታተሙትን ፊደላት ቆጠረ። በኋላ ስክራብል የተባለው ጨዋታ 100 ጠገሮች ያሉት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ እጅግ ለሚዘወተረው ለ«ኢ» 12 ተመድበውለታል። ብዙ ቁጥር አብጅቶ በቀላሉ ነጥብ መሰብሰብ እንዳይቻል ግን ለ«ኤስ» የተሰጡት 4 ብቻ ናቸው። የእንግሊዝኛ ተጫዋች 26 ፊደላትን ይዞ ቃል ሊያድን ይችላል። በአማርኛ ግን ፊደሉ ድምፁን አብሮ ስለሚይዝ፣ ፈጀ፣ ፍጅት፣ አፋጀ ሲባል የአንዱ ሥር መነሻ ፊደል ከፈ ወደ ፍ፣ ከፍ ወደ ፋ ይለዋወጣል። ስለዚህ የእኛ ቃል ፈላጊ የሚያድነው የፊደሉን መልክ ሳይሆን ሥሩን ነው። የግስ ትምህርት ለዮፍታሔ ያወረሳቸውም ይህንኑ ዘዴ ነበር።

ጣልያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ ዋና ከተማው ሲጓዙ እርሳቸውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከነፃነት በኋላ ለመድረክ የበቃው ተውኔታቸው አፋጀሽኝ ይባላል። ይህ የአምስት ፊደል ስም ነው፤ ነገር ግን አድራጊዋን፣ ድርጊቱንና ተደራጊውን አንድ ላይ ይዟል። ሽ የምትወቀሰውን ሴት፣ ኝ ወቃሹን ያመለክታል፤ መካከሉ ላይ እርስ በርስ መተላለቅ አለ። ከወረራው ማግስት ይህን ስም የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ተወቃሿ ማን እንደ ሆነች ራሱን ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ብዙ ገጽ የሚሻ ሐዘን በአንድ ቃል ታጥሮ ቀረበ።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ለእርጅና አልደረሰም ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን የእንግሊዝኛን ቃል በፊደሉ ፈልገው የሚያገኙበት ጨዋታና መሣሪያ ሞልቷል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበው ግን አማርኛን በሥሩ እየፈለገ የሚያጫውት ተመሳሳይ መሣሪያ ሊሠራ ሲነሣ፣ የውጭውን ስሌት እንዳለ መገልበጥ የሚቀናን መሆኑ ነው። በፊደሉ መልክ ብቻ የሚፈልግ መሣሪያ ፈጀንና አፋጀን ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳያውቅ ያልፋል። ሊቃውንቱ ይህን ችግር በስምንቱ የግስ አርእስት አስቀድመው ፈትተውታል። ከመካከላችን የኮምፒዩተር ሥራ የያዙ ባልደረቦች ንድፋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ወደ አንድ የቅኔ ቤት ጎራ ብለው መምህሩን ቢጠይቁ፣ ድካማቸውን ያቀልላሉ፤ ለቅኔ ቤቱም ተገቢውን ክብር ይሰጣሉ።