ይድነቃቸው ተሰማ ማን ነበሩ?

በዕረፍት ሰዓት ኳስ የምናባርር ልጆች ስለ ሜሲና ስለ ሮናልዶ ስናወራ እንውላለን። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ልጃቸው ግን ልቡ ወደ ኳስ ሄደ። አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜም ለቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አገራችንን ወረረ። የኛ የጣርማ በር ዋሻም የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። በጣሊያን ጊዜ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን መጫወት አይችልም ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። 23 ዓመት እኮ ነው! ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ በስፖርት ቢሮ ሠሩ። ሥራቸው ኳስ ብቻ አልነበረም፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴያችን ዋና ጸሐፊም ነበሩ። የኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ አገራችንን ለኦሊምፒክ ካበቁት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። መሥራች አገሮቹ አራት ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። እንግዲያው ቅሪ ተባለች፣ ዋንጫውንም ሦስቱ አገሮች ብቻ ተጫወቱ። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይቺ ናት። በልጅነታቸው ያዩትን ክልከላ ካደጉ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ታገሉት። ፊፋም በ1968 ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

ከሁሉም ደስ የሚለው ግን የ1954ቱ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ፣ አሠልጣኙም እሳቸው ነበሩ። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረግን! በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት ስለሆኑ ዋንጫውን ሌላ ሰው ይቀበል ያሉ ባለሥልጣኖች ነበሩ ይባላል። አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ለእኔ ከጎሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው።

በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ብቻዋን አንድ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር። አፍሪካውያን ተባብረው ቀሩ፣ በዚህ ትግል ውስጥም አቶ ይድነቃቸው ነበሩበት። ከዚያ በኋላ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም በ1962 ሜክሲኮ ሄደች።

በ1964 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። 15 ዓመት መሩት። ታመውም ሥራቸውን አልተዉም ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉም ገና ፕሬዚዳንት ነበሩ።