የሐኪሙ የጆሴፍ ሊስተር ታሪክ
ጆሴፍ ሊስተር በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ አጠገብ በ1827 ዓ.ም. ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበረ፤ በትርፍ ጊዜው ግን ጥቃቅኑን ነገር አጉልቶ የሚያሳየውን ማይክሮስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ ያሻሽል ነበር። ልጁም በዓይን የማይታየውን ነገር መመርመር ከአባቱ ተማረ። ካደገም በኋላ ቀዶ የሚያክም ሐኪም ሆነ።

በ1860 ዓ.ም. በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በከተማውም ሆስፒታል ሕመምተኞችን ያክም ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ከሐኪሙ ቢላዋ ቢተርፍ እንኳ ከቁስሉ አይተርፍም ነበር። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ይሸታል፤ መርዙም በደሙ ገብቶ ሰውየውን ይገድለዋል። ሐኪሞቹ ይህን ክፉ አየር ያመጣው ነው ይሉ ነበር እንጂ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው መሄዳቸውን አያስቡም ነበር።

ሊስተር የእጃቸውን አንጓ አጥንት በሽታ የበላባቸውን ሰዎች ያክም ነበር። እንዲህ ያለው እጅ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይጣል ነበር፤ እርሱ ግን የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥቶ እጁን ለባለቤቱ የሚያተርፍበትን ጥበብ አገኘ። ለሠራተኛ ሰው እጁ እንጀራው ነውና ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ሥራው ካማረ በኋላ ቁስሉ እያመረቀዘ ድካሙን ያበላሽበት ነበር። ሊስተርም የማይቀር ነገር ነው ብሎ አልተወውም፤ ምክንያቱን ይፈልግ ጀመር።

በዚያም ወራት ፓስተር የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ ወተትንና ወይን ጠጅን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተውሳኮች እንደ ሆኑ የጻፈውን አነበበ። ቁስልንም የሚያበላሹት እንደ እነዚህ ያሉት ናቸው ብሎ አሰበ። በ1865 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የ11 ዓመት ልጅ ጋሪ ሄዶበት የእግሩ አጥንት ተሰበረ፤ ቆዳውም ቆሰለ። ሊስተር ቁስሉን ተውሳክ በሚገድል ካርቦሊክ አሲድ በሚባል መድኃኒት አጥቦ በዚያው በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ቁስሉም ሳያመረቅዝ ዳነ፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ልጁ በሁለት እግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ሊስተር እጁንና መሣሪያውን ሁሉ በዚያ መድኃኒት ያጥብ ነበር። አስቀድሞ እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቆረጠባቸው ከ35 ሰዎች 16 ሞተውበት ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ሰዎች የሞቱት 6 ብቻ ሆኑ።

ብዙ ሐኪሞች ዘበቱበት፤ እርሱ ግን የዳኑትን ሰዎች አሳየ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን አየርም በመድኃኒቱ ይረጭ ነበር፤ ነገር ግን የሚበልጠው ጉዳት ከእጅና ከመሣሪያ እንደሚመጣ በተረዳ ጊዜ በ1890 ዓ.ም. መሳሳቱን በብዙ ሐኪሞች ፊት ተናገረ። በ1912 ዓ.ም. ሞተ። ዛሬ ሐኪሞች መሣሪያቸውን በብርቱ እንፋሎት ያነጻሉ፤ እጃቸውንም ሳይታጠቡ ወደ ሕመምተኛ አይቀርቡም።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ታናሽ ቁስል ናት ብላችሁ አትናቁ፤ ጣታችሁ ቢቆረጥ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ደግሞም ስሕተታችሁን ባወቃችሁ ጊዜ አትደብቁት፤ የተደበቀ ስሕተት እንደ ተሸፈነ መግል ውስጥ ለውስጥ ይጎዳልና።