ማዕድ ያሰናዱ፣ መጽሐፍ የጻፉ አያት፦ ንግሥት እሌኒ

ዛሬ ስለ አንዲት አያት ነው የምናወራው።

ቆቦ፣ ሮቢት ወይ ዋጃ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የራያ ቆላ አያት እጇ አያርፍም። ጠዋት የማሽላው ሊጥ፣ ከዚያ ምጣዱ፣ ከዚያ ቡናው። መሀል ላይ ጎረቤት ከተጣላ የምትጠራው እሷው ናት። ማታ ደግሞ የልጅ ልጆቿን ሰብስባ የሠርጉንም የለቅሶውንም ግጥም ትደረድረዋለች። ግጥሙን ግን ማን ይጽፈዋል? እሷ ፊደል አልቆጠረችም። የቆጠርነው እኛ ደግሞ ስልኩ በእጃችን እያለ ድምፅዋን እንኳ አንቀዳም።

ለዚህ ነው መሰለን «አያት» እና «ደራሲ» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ ጆሯችን የሚያንገራግረው። ለካ ከ500 ዓመት በፊት በዚህች አገር ሁለቱንም የሆነች ሴት ነበረች። ንግሥት እሌኒን ብዙዎቻችን የምናውቃት በታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ነው፦ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ የላከች ንግሥት። እውነቱን ለመናገር እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ከዚያ አላለፍንም ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥናቸው፤ እንዳይምታታባችሁ።)

እሌኒ የሐዲያ ልጅ ናት። አባቷ የሐዲያው ገዢ ገራድ መሐመድ ነው፤ «ገራድ» የገዢነቱ ማዕረግ ነው። ልጅቷ የተወለደችው ከሙስሊም ቤተሰብ ነበር። ያኔ በነገሥታቱና በጎረቤት ገዢዎች መካከል ሰላም የሚታሰረው አንድም በጋብቻ ነውና ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች። ክርስትና ተነሥታ እሌኒ ተባለች፣ «ቀኝ በዓልቲሐት» የሚል የንግሥትነት ማዕረግም አገኘች። የበእደ ማርያም ሚስት ነበረች የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ፤ እኛ የያዝነው በብዛት የሚነገረውን ነው።

የገባችበት ቤት ቀላል ቤት አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነው፣ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ሥራዎች በስሙ ይታወቃሉ። በቤቱ ሰው ላይ ግን እጁ ከባድ ነበር። ሌላዋን ሚስቱን ጽዮን ሞገሳን ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ብሎ አስገረፋት፣ በዚያው ሞተች። የገዛ ልጆቹም ከቅጣቱ አላመለጡም።

እሌኒም የራሷ ቁስል ነበራት። ወንድሟ ማሂቆ የአባቱን ቦታ ይዞ ገራድ ከሆነ በኋላ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። ጦር ተላከበት፣ ተገደለ። አጎታቸው ባሞ በቦታው ተሾመ። እንግዲህ አስቡት፤ ወንድሟን ያስገደለው ባሏ ነው፣ በማግስቱም የምትውለው እዚያው ቤት ነው። አለቀሰች ወይ አላለቀሰችም፣ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ለዚህ ብራና አላባከነም።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 አረፈ። የነገሠው የጽዮን ሞገሳ ልጅ በእደ ማርያም ነው፣ ማለትም እናቱ በአባቱ ትእዛዝ የሞተችበት ልጅ። እሱም እሌኒን በእናቱ ቦታ አስቀመጣት። ከዚህ በኋላ አንቱ ብንላቸው ይሻላል፤ የንጉሥ እናት ሆነዋላ። ነገሥታቱን አንተ እያልን እሳቸውን አንቱ ማለታችን አውቀን ነው፤ አብዛኞቹ በዓይናቸው ሥር ያደጉ ልጆች ናቸው።

የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ስለ እሌኒ የሚለው ነገር ነው እኛን የያዘን። ጸሐፊው ንጉሡ ለምን በጣም እንደሚወዳቸው ምክንያቱን ይዘረዝራል። በእግዚአብሔር ፊት ጸሎተኛ ናቸው፣ ሕግ ያውቃሉ፣ መጻሕፍት ያውቃሉ፣ ምክራቸው ጥሩ ነው ይላል። እዚያው ላይ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ማዕድ ማሰናዳትም ይችሉበታል ይላል። ልብ በሉ፣ ወጥ ቤቱና መጽሐፍ ቤቱ አንድ ምስጋና ውስጥ ነው የገቡት። ዛሬ አንዲት ሴት መጽሐፍ ስታሳትም «ቤቷንስ ማን ያይላታል?» የሚል አይጠፋም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብተራ ግን ሁለቱን አላጣላቸውም።

እርግጥ ንግሥቲቱ ራሳቸው ምጣድ ፊት ተቀምጠው ጋገሩ ማለት አይደለም። የቤተ መንግሥት ማዕድ ማለት ግብር ነው፤ ወታደሩ፣ ካህኑ፣ መኳንንቱ፣ እንግዳው ሁሉ በየማዕረጉ ተቀምጦ የሚበላበት። ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ ካልታወቀ ጠብ ይነሣል። ደግሞ በእደ ማርያም እንደ አባቱ ደብረ ብርሃን ላይ አልረጋም፣ ከተማው ከነድንኳኑ ሲዞር ነው የኖረው። ከዘመተባቸው ቦታዎች አንዱ የዶብዓ አገር ነበር። ዶብዓዎች የሚኖሩት ከተራራው ሥር፣ ዛሬ ራያ በምንለው ቆላ አካባቢ ነው።

ከዚያ ነገሥታቱ ተከታትለው መጡ፣ ተከታትለው ሄዱ። እስክንድር በልጅነቱ ነገሠ፤ በዚያ የሕፃን መንግሥት መጀመሪያ እሌኒ ወደ ዳር ተገፍተው ነበር፣ ኋላ ግን ተመለሱ። እስክንድር በ1494 ሞተ፣ ትንሽ ልጁ ለጥቂት ወራት ነገሠ፣ ናዖድ እስከ 1508 ገዛ። በ1508 ደግሞ ልብነ ድንግል፣ ገና 12 ዓመት ገደማ ልጅ፣ ዙፋን ላይ ወጣ። አገሩን የያዙለት እናቱ ናዖድ ሞገሳ፣ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስና አሮጊቷ እሌኒ ናቸው።

በዘር ቆጠራ ካየነው እሌኒ ለልብነ ድንግል የቅድመ አያቱ ሚስት ናቸው። ከሆዳቸው የወጣ ልጅ የላቸውም። ፖርቱጋሎች ግን በጽሑፎቻቸው የዳዊት አያት ብለው ነው የሚጠሯቸው፤ ዳዊት ሌላው የልብነ ድንግል ስም ነው። በእኛ አማርኛ የእንጀራ አያት መሆናቸው ነው። ማዕድ በማሰናዳት ለተመሰገነ ሰው ስሙ ራሱ ይገጥማል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። በ1509 እሌኒ አርመናዊውን ነጋዴ ማቴዎስን ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ላኩት። ለእጅ መንሻ የመስቀሉ ግማድ ቁራጭ ተያዘ። በደብዳቤው የተባለውን በራሳችን ቃል ስናሳጥረው እንዲህ ነው፦ እኛ በባሕር ላይ ኃይል የለንም፣ እናንተ መርከብ አላችሁ፤ እናንተ መርከቡን አምጡ፣ ስንቁንና ሰዉን እኛ እንችላለን፤ ልጆቻችንንም እናጋባ። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ወታደራዊ ጥምረት ይሉታል፣ ልክ ነው። እኛ ስናነበው ግን የታየን ሌላ ነገር ነው። ስንቅና ጋብቻ! የቆላ አያት ሁለት ቤት ስታስታርቅ የምታቀርበው ይኸው አይደል?

ለጦርነት የተጣደፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ከአዳል ጋር በሰላም መኖርንና ንግዱ እንዳይቋረጥ ማድረግን ይመርጡ ነበር፤ ሙስሊም ዘመድም ሙስሊም አገርም ያላቸው ሰው ናቸው። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሆነው አንዱ ወደ መስጊድ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ቱርኮች በቀይ ባሕር በኩል ሊመጡ እንደሚችሉ ቀድመው አዩ።

ማቴዎስ መከራውን በላ። ሕንድ ላይ ሰላይ ነህ ተባለ፣ በመርከብ ላይ ተንገላታ፣ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ ምፅዋ የወረደው በ1520፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን ገዳም ውስጥ ሞተ። ለ11 ዓመት ያህል የተንከራተተበትን ጉዳይ መልስ ለላኩት ሴት ሳይነግር።

መልእክተኞቹ ጉዟቸውን ቀጠሉ። አለቃቸው ሮድሪጎ ዴ ሊማ፣ የጉዞውን ማስታወሻ የጻፈው ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከትግራይ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዶብዓን በምሥራቅ እያዩ አንጎት የሚባለውን ግዛት አቋረጡ። አንጎት ማለት የእኛው አካባቢ ነው፣ የራያ ጎረቤት ደጋና ዳርቻው። አልቫሬዝ አንጎት ውስጥ እንደ አካፋ የተሠራ ብረት ለገንዘብነት እንደሚያገለግል ጽፏል። ድንጋይ የወረወረባቸው ሰውም አልጠፋም። እንግዲህ የአንዲት አያት ደብዳቤ መልስ በእግሩ ያለፈው በዚህ በኩል ነው።

መልሱ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነበር። ልብነ ድንግል አድጓል፤ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የአዳሉን ማሕፉዝን ድል አድርጎ ልቡ ሞልቷል። የፈረንጅ እርዳታ ምን ያደርግልኛል ያለ ይመስላል፤ እንግዶቹን ለስድስት ዓመት አቆይቶ ነው የሸኛቸው። እሌኒ እርጅና ተጭኗቸዋል፣ ጎጃም ርስታቸው ላይ ናቸው። እዚያ ያሠሩት መርጡለ ማርያም በወርቅ ሥራው የታወቀ ነበር።

በ1522 ገደማ አረፉ። ዘርዐ ያዕቆብ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። አልቫሬዝ ያኔ እዚሁ አገር ነበርና ለቅሶውን መዝግቦታል፤ ትልቁም ትንሹም፣ እሳቸው ሲሞቱ እኛ ሁላችን ሞትን ይል እንደነበር ጽፏል። ለቅሶ ላይ የሚባል ነገር ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላ በ1529 የሽንብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ። ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። አብያተ ክርስቲያናት ከነብራናቸው ነደዱ፣ መርጡለ ማርያምም አልተረፈም። የፖርቱጋል ወታደር እሌኒ ከጠየቁ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1541፣ ገባ። 400 ያህል ነበሩ። በዓመቱ ነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ድል ሆኑ፣ መሪያቸው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ ተይዞ አንገቱ ተቆረጠ። ወፍላ ማለት ከቆቦ ተነሥታችሁ፣ በአላማጣ አልፋችሁ፣ ግራ ካሕሱን ወጥታችሁ የምትደርሱበት የኮረምና የአሸንጌ አካባቢ ነው። መኪና ይዞ የወጣ ሁሉ ያንን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። እኛም ስንት ጊዜ ተመላልሰንበት አልሰማንም።

መጽሐፎቹስ?

ሁለት ናቸው። አንዱ «እንዚራ ስብሐት» ይባላል፣ ስለ ሥላሴና ስለ ማርያም ድንግልና። ሁለተኛው «ጸዳለ ፀሐይ» ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ሕግ፣ ክርክር ያለበት፣ ረቀቅ ያለ። ርዕሶቹ ለዛሬ ጆሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ይመስላሉ። በዚያ ዘመን ግን እሳት ነበሩ። በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ስለ ሥላሴ የተለየ ነገር ያሉ መነኮሳት ተሳድደዋል፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ ለማርያምና ለመስቀል ስግደት አንሰግድም ብለው ተገርፈዋል፣ ተገድለዋል። በሐዲያ ከሙስሊም ቤት የተወለደች ሴት፣ እናቷ ባላስተማረቻት በግእዝ፣ ሊቃውንቱ በሚፈሩት ጉዳይ ላይ ብዕር ማንሣቷ ድፍረት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ደግሞ በግብርና በድንኳን፣ በሕፃናት ነገሥታትና በለቅሶ መሀል።

እኛ ዲግሪ ሳይኖረን ነው የምንጽፈው፤ አንዳንዴ «እናንተ ማን ሆናችሁ?» እንባላለን። እሌኒንም ይህን የጠየቃቸው ሰው የነበረ ይመስለናል።

ስለ መጽሐፎቹ የምናውቀው በአንድ ሰው አፍ ነው። ልብነ ድንግል በ1520ዎቹ ወደ ፖርቱጋል የላከው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ይባላል። ሊዝበን በ1527 ደረሰ፤ የአገሩ መንገድ በጦርነት ሲዘጋ እሱ እዚያው ቀረ። የፖርቱጋል ቄሶች እምነታችሁ ትክክል አይደለም እያሉ ያስቸግሩት ነበር። በ1533 ዳሚያኦ ዴ ጎይስ የሚባል የተማረ ሰው አገኘውና ስለ አገርህ ጻፍልኝ አለው። ጸጋ ዘአብ ስለ ጾሙ፣ ስለ ጥምቀቱ፣ ስለ ቅዱሳኑ አስረዳ። ስለ እሌኒም አወራ፤ ሁለት መጽሐፍ ጽፈዋል ብሎ ርዕሶቹን በግእዝ ጠራ፣ ፈረንጁም ጆሮው እንደያዘለት አጣምሞ በላቲን ፊደል አሰፈራቸው። ያን ጊዜ እሌኒ ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ አገር ቤት ደግሞ ብራናው እየነደደ ነው። የጎይስ መጽሐፍ ሉቨን ላይ በ1540 ታተመ። ልብነ ድንግል፣ ያ በ12 ዓመቱ ያነገሡት ልጅ፣ ከአምባ አምባ ሲሸሽ ኖሮ ደብረ ዳሞ ላይ ያረፈው በዚያው ዓመት ነው።