ጊልበርት ዋይትና የሴልቦርን ወፎች

የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባሕር ተሻግሮና በረሃ አቋርጦ ብርቅ ፍጥረት ይዞ የሚመለሰውን መንገደኛ ነው። ቄስ ጊልበርት ዋይት ግን እንደዚህ አልነበሩም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1720 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ ሴልቦርን በምትባል መንደር ተወለዱ። በኦክስፎርድ ተምረው ክህነት ከተቀበሉ በኋላም አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በዚያችው መንደር አሳልፈው በ1793 ዐረፉ።

በዘመናቸው የወፍ ጥናት በአመዛኙ የሚካሄደው በሞተ ወፍ ላይ ነበር። ዋይትም የተገደለ ወፍ መመርመርን ባይንቁም ሕያዋኑን በየዕለቱ መመልከትንና ማዳመጥን አስቀደሙ። በዚህም ዘዴ፥ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ሦስት ትንንሽ ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን በዜማቸው ለይተው አስረዱ። በ1777 በጻፉት ደብዳቤም፥ ሰው የሚንቀው የመሬት ትል አፈሩን እየበሳ ዝናብና ሥር እንዲያልፍበት ባያደርገው ኖሮ መሬት ጠንክሮ ለምነቱን ያጣ እንደ ነበር ገለጹ። ቻርልስ ዳርዊን ስለዚሁ ትል መጽሐፍ ያሳተሙት በ1881 ነው።

ዋይት ከ1768 ጀምሮ የአየሩን ጠባይ፥ የአበባውን መፍካትና የወፎችን መምጫና መሄጃ ቀን በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ያዩትንም ለቶማስ ፔናንትና ለዴይንስ ባሪንግተን በደብዳቤ ይገልጹ ነበር። እነዚህ ደብዳቤዎች በ1789 በመጽሐፍ ወጥተው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ሕይወታቸውን ሙሉ ያስጨነቃቸው ጥያቄ ግን የወንጭፊት ነገር ነበር። ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለው ይህች ወፍ ክረምት ሲገባ ከእንግሊዝ ትጠፋለች። ጂብራልታር የነበሩት ወንድማቸው ጆን፥ ወንጭፊቶች ባሕሩን ሲሻገሩ ማየታቸውን ጽፈውላቸዋል። ይሁን እንጂ ዋይት በመከር ማብቂያ ደካማ ጫጩቶችን ስላዩ፥ ከፊሎቹ በጉድጓድና በቁጥቋጦ ተኝተው ይከርማሉ የሚል ግምት አደረባቸው። ሰዎች ቀጥረው ዋሻዎችንና ቁጥቋጦዎችን ቢያስፈትሹም አንዲት እንኳ የተኛች ወንጭፊት አልተገኘችም። ግምታቸውን እስከ መጨረሻው ባይተዉም፥ ፍለጋው ባዶ መቅረቱን ሳይሸሽጉ መዘገቡ።

መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ። በ1911 በእንግሊዝ አገር እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ወንጭፊት፥ በታኅሣሥ 1912 በደቡብ አፍሪካ ናታል ተገኘች። የዋይት ግምት በዚህ ፈረሰ። መዝገባቸው ግን ያዩትንና ያላገኙትን ከገመቱት ለይቶ የጻፈ በመሆኑ ዛሬም ለተመራማሪ ያገለግላል። በሙያችን ዘገባ የምናዘጋጅ ሁሉ፥ ፈልገን ያጣነውን ነገር ለመጻፍ በምናመነታበት ጊዜ እኒህን የመንደር ቄስ ብናስባቸው ይጠቅመናል።