ሄንሪ ዌልካምና የካርቱም ቤተ ሙከራ

ዕውቀት ያለ ገንዘብ አይስፋፋም፤ ገንዘብም ሥርዓት ካልተበጀለት ዕውቀትን አያፈራም። ይህንን ሐቅ በመልካም ሥራውም በስሕተቱም ካስተማሩት ሰዎች አንዱ መድኃኒት ቀማሚው ሄንሪ ዌልካም ነው። የሕይወቱ ታሪክ ከአሜሪካ ጫካ ተነሥቶ በለንደን በኩል ሁለቱ ዓባዮች እስከሚገናኙበት እስከ ካርቱም ይደርሳል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌልካም በ1853 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በአልመንድ አጠገብ፣ ከግንድ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ስለ ነበረ፣ የቤተ ሰቡ ኑሮ የተቸገረ ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ሚኒሶታ ተዛወሩ፤ በዚያም ሐኪም በነበረው አጎቱ መድኃኒት ቤት እየሠራ የቅመማን ሙያ ጀመረ። ኋላም በፊላደልፊያ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ተመረቀ። ኪኒን የሚገኝበትን የሲንኮና ዛፍ ለማየት እስከ ኢኳዶር ጫካ ድረስ ተጉዞ ያየውንም ጽፎ አሳተመ። በ1880 ወደ ለንደን ተሻግሮ ከአገሩ ሰው ከሳይላስ በሮውስ ጋር የመድኃኒት ንግድ ማኅበር አቆመ።

በዚያ ዘመን መድኃኒት በአብዛኛው በዱቄትና በፈሳሽ መልክ እየተመጠነ ይሸጥ ስለ ነበረ መጠኑ ከእጅ ወደ እጅ ይለያይ ነበር። ሁለቱ ሽርካዎች ግን በመኪና ተጨምቆ መጠኑ የታወቀውን እንክብል በብዛት እያቀረቡ ብዙ ሀብት አፈሩ። በሮውስ በ1895 በሞተ ጊዜ ማኅበሩ በዌልካም እጅ ብቻ ቀረ።

ሀብታም ነጋዴ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙ በመምህራን ዘንድ ባልተነሣ ነበር። ዌልካም ግን ከሌሎቹ ነጋዴዎች አስቀድሞ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም፣ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ስለ መድኃኒት የሚመረምር ሰው ከሌለው የነገ ንግዱ የተቆረጠ መሆኑን ነው። ስለዚህ በ1894 የፊዚዮሎጂ፣ በ1896 የኬሚስትሪ ምርመራ ቤቶችን ከፋብሪካው ለይቶ አቋቋመ። በ1904 ወደዚያ የገባው ወጣቱ ሄንሪ ዴል የምርመራውን ውጤት በገዛ ስሙ ለዓለም እያሳተመ ሠራ፤ በ1936ም የኖቤልን ሽልማት ለመቀበል በቃ። የነጋዴ ገንዘብ የሚበላ ተመራማሪ ለሳይንስ ታማኝ ሊሆን አይችልም ይሉ ለነበሩት ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነበር።

በዚህ መካከል በሱዳን ትልቅ ለውጥ ሆኖ ነበር። በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት የመሐዲስቶች መንግሥት ከወደቀ በኋላ እንግሊዞች ፈርሳ የነበረችውን ካርቱምን እንደገና መሥራት ጀመሩ። የጦሩ አዛዥ ኪችነር ከእንግሊዝ ሕዝብ ከአንድ መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ በመዋጮ ሰብስቦ የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅን አሠራ፤ ኮሌጁም በ1902 ተከፈተ። ዌልካም ካርቱምን የጎበኘው ሥራው ገና ሳይፈጸም ነበር። ወባና ልዩ ልዩ ተስቦ በሕዝቡ ላይ የሚያደርሱትን ጥፋት በዓይኑ አይቶ፣ ለኮሌጁ ሙሉ የቤተ ሙከራ ዕቃ በስጦታ ለመስጠት ቃል ገባ። ቃሉንም ፈጸመ፤ በ1903 የዌልካም የምርመራ ቤተ ሙከራ ሥራውን ጀመረ።

መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባው የስጦታውን ብዛት ሳይሆን አሠራሩን ነው። በመጀመሪያ፣ ቤተ ሙከራው የተተከለው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ዓላማዎቹም ሲዘረዘሩ የሙያ ትምህርትን ማስፋፋት ከነዚያው መካከል ይገኝ ነበር። ሁለተኛ፣ የሥራው መሪ ሐኪሙ አንድሩ ባልፎር የካርቱም ከተማ የጤና ሹምም ስለ ነበረ፣ በማለዳ በአጉሊ መነጽር ያየውን ከቀትር በኋላ በከተማይቱ ውስጥ በሥራ ለማዋል ይችል ነበር። የወባ ትንኝ የሚፈለፈልበትን ጕድጓድ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና የመርከብ ወለል ሁሉ እየዞሩ የሚመረምሩ ሠራተኞች አሰማርቶ፣ ወባ በከተማይቱ ውስጥ እጅግ እንዲቀንስ አደረገ። ሦስተኛ፣ ልዩ ልዩ ሙያዎች በአንድ ጣራ ሥር ተሰበሰቡ። ኬሚስቱ ዊልያም ቢም የሙጫውን ዓይነት፣ የእርሻውን አፈርና የዓባይን ውሃ ሲመረምር፣ የነፍሳት ሊቁ ሃሮልድ ኪንግ ደግሞ አዝመራንና ከብትን የሚጎዱትን ተባዮች ያጠና ነበር።

በሽተኛው ወደ ካርቱም ሊመጣ ካልቻለ፣ ቤተ ሙከራው ወደ በሽተኛው መሄድ አለበት ተብሎ ታሰበ። ስለዚህ በታንኳ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ ተዘጋጅቶ በእንፋሎት መርከብ እየተጎተተ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይጓዝ ጀመር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተደረገው ምርመራ በሣጥን ተቆልፎ አልቀረም። በ1904፣ በ1906፣ በ1908ና በ1911 ትልልቅ የምርመራ መጻሕፍት እየታተሙ ወጡ።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ ጉድለቱን መሸፈን ለታሪክ አይበጅም። የካርቱም ቤተ ሙከራ የቅኝ ገዢዎች መሣሪያም ነበር። ስሙ በየመጽሐፉ ላይ በታተመ ቍጥር የዌልካም ንግድ አብሮ ይታወቅ ነበር። በመጻሕፍቱ ላይ በደራሲነት የሚታዩት ስሞች የአውሮፓውያን ናቸው፤ ታንኳውን የቀዘፉት፣ ትንኙን ያደኑት፣ ዕቃውን ያጠቡት ሱዳናውያን ግን በስም አይታወቁም። በአንድ ግቢ ውስጥ ትምህርት ቤትና ቤተ ሙከራ ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ፣ ተማሪው ተመራማሪ እንዲሆን የሚያደርሰው መንገድ ገና አልተቀደደም ነበር። በካርቱም የሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924፣ የመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያን ሐኪሞች የተመረቁትም በ1928 ነው።

የዌልካም ሁለተኛው ጉድለት ከራሱ ጠባይ የመጣ ነው። ከ1910 እስከ 1914 በሴናርና በኮስቲ መካከል በሚገኘው በጀበል ሞያ የጥንት መቃብሮችን እያስቆፈረ ብዙ ሺህ የአካባቢውን ሰዎች በሥራ አሰማራ። በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ወረቀት መሰል መሣሪያ የፎቶግራፍ ማንሻ አንጠልጥሎ ቦታውን ከላይ እስከማስነሣት ደረሰ፤ ይህም ለዚያ ዘመን አዲስ ብልሃት ነበር። ዳሩ ግን በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቁፋሮው ተቋረጠ፤ ዌልካምም ነገ እመለስበታለሁ እያለ ውጤቱን ሳያሳትም ቀረ። መጽሐፉን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያወጣው በ1949 ነው፤ እርሱ ከሞተ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለሙዚየም ብሎ ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ዕቃም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ብዙው ከነሣጥኑ ሳይከፈት ተገኘ። በካርቱም ለሌሎች ሥርዓት ያቆመው ሰው ለራሱ ሥራ ሥርዓት ሳያበጅ ቀረ።

ሆኖም የመጨረሻው ሥራው ይህን ጉድለት አካካሰ። በ1936 በለንደን ሲሞት የተገኘው ኑዛዜ፣ የማኅበሩ አክሲዮን ሁሉ በአምስት ባለ አደራዎች እጅ ሆኖ ትርፉ ለሰውና ለእንስሳት ሕክምና ምርመራ እንዲውል ያዝዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው ትንሽ ነበር፤ እያደር ግን የዌልካም ባለ አደራ ድርጅት በዓለም ላይ ለጤና ምርመራ ብዙ ገንዘብ ከሚሰጡት አንዱ ለመሆን በቃ። በኢትዮጵያም፣ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚረግጠውን ገበሬ የሚያጠቃው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታ፣ በዚሁ ድርጅት እርዳታ ተጠንቷል።

የካርቱሙ ቤተ ሙከራ በ1935 በቀድሞ መልኩ ማገልገሉን አቆመ፤ የሕክምና ምርመራው ሥራ ግን በስታክ ቤተ ሙከራ ቀጠለ፤ በ1950ዎቹም ሱዳናዊው ሐኪም መንሱር አሊ ሐሲብ መሪው ሆነ። ኮሌጁም በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ግን የአገሪቱ ማዕከላዊ የጤና ቤተ ሙከራ በተዋጊዎች እጅ ወደቀ፤ ሠራተኞቹም ለመግባት አልቻሉም።

ሕንፃ ይያዛል፣ መሣሪያ ይሰበራል። ከመቶ ዓመት በፊት የታተሙት መጻሕፍት ግን ዛሬም ይነበባሉ፤ ከካርቱም የወጡት ሐኪሞችና መምህራንም ዕውቀታቸውን በሄዱበት ሁሉ ይዘውታል። እንግዲህ ለምርመራ ገንዘብ የሚሰጥም ሆነ የሚቀበል ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ውጤቱ ይታተማል ወይ? የአገሩስ ልጅ ይማርበታል ወይ? ብሎ ነው። ዌልካም የመጀመሪያውን ጥያቄ በካርቱም መለሰ፤ በጀበል ሞያ ግን ረሳው። ሁለተኛውን ግን ሱዳናውያን ራሳቸው እስኪመልሱት ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀ። ይህን ያህል ዘመን እንዳይጠፋ የማድረጉ ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚያርፈው በክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ላይ ነው።